ተነሱ ቢባሉ ያልተነሱት ልጆች

ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ሀያት ታብሌቷን አቅፋ መጣች። የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሴቶችን ስለ ዓላማቸውና ስለ ሥራ ተነሳሽነታቸው ትጠይቃለች። እኔ ቡታጅራ ውስጥ በአስተማሪነት ስለኖርኩ፣ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ መጠይቅ በእጁ በያዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚለማመድብኝ እኔ ላይ ነው። ገና ከበሩ ሳትገባ፣ «አሰላሙ አለይኩም ቲቸር፤ አሥር ደቂቃ ብቻ» አለችኝ። የሀያት አሥር ደቂቃ የት ድረስ እንደሚለጠጥ ስለማውቅ ለውዝ ቆልቼ አቀረብኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

ጥያቄዎቹ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር የሚመለሱ ነበሩ። አንድ ማለት ፈጽሞ አልስማማም፣ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ። ለራሴ ግብ አወጣለሁ የሚለውን አራት አልኩ። ባለቤቴ ያልፈቀደውን ሥራ አልጀምርም የሚለው ላይ ስንደርስ፣ ባል እንደሌለኝ ሁለታችንም ስለምናውቅ ተሳሳቅን። ከዚያ ሀያት ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣ «የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ ከመቀመጫዬ አልነሳም» ብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ግን እሷን አላየሁም። የማየው ጉም የገባበት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ነበር። በእጄ የያዝኩት ለውዝ ወለሉ ላይ ሲበተን እንኳ ያወቅኩት ድምፁን ሰምቼ ነው።

«ቲቸር፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ይቺን ጥያቄ እለፊያት።»

«ማለፍ አይፈቅድም እኮ። ካልተሞላ ቀጣዩን አያመጣልኝም።»

«እንግዲያው ሰኞ ነይ» ብዬ ሸኘኋት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ሄደች፤ እኔም ብቻዬን ስቀር የዚያ ጉም ቅዝቃዜ ከጀርባዬ አልወጣ አለኝ። ቡታጅራ ላይ ያን ቀን ጸሐዩ የሚያቃጥል ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ኮሌጅ ጨርሼ ወልቂጤ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ ምደባ እጠብቃለሁ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም ወልቂጤ ነው። ጉራግኛ ሲናገሩት እሰማለሁ፤ እኔ ስናገረው ግን ሰው ይስቅብኛል። መጠበቁ ሰልችቶኝ ሳለ አንድ ይልማ የሚባል መምህር ከአዲስ አበባ ለጥናት መጣና ረዳት እንደሚፈልግ ተሰማ። አባቴ፣ «ከምትቀመጪ ሂጂ፤ ሰው ታውቂያለሽ» አለኝ። ሄድኩ።

መምህር ይልማ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ወንድና ሴት ልጆች እኩል ከባድ ሥራ ቢሰጣቸው ቀድሞ የሚተወው ማነው? እሱ መልሱን ያወቀው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ይመስለኛል። ሴቶቹ ቀድመው ይተዋሉ ባይ ነው። የሚተዉት ደግሞ ሰነፍ ሆነው ሳይሆን፣ የራሳቸው የሆነ ዓላማ እንዲኖራቸው ቤተሰብም መንደርም ስለማይጠብቅባቸው ነው ይል ነበር። ለሴት ልጆች ከልቡ የሚቆረቆር ሰው ነበር፤ ይህን ልነፍገው አልፈልግም። ብቻ የሚያስረዳው ነገር ሲበዛ የሚያየው ያንስ ነበር።

የመስቀል በዓል አልፎ፣ ለበዓሉ የመጡት ወንዶች ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ አገሩ ድንገት ጭር ያለበት ሰሞን ነው። ከወልቂጤ እስከ እምድብር በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ላይ በእግር ሄድን። ዝናቡ አልቆ መውጣት ሲገባው ጭራሽ ጉም ሆኖ ተኝቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው እንሰት ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ነውና፣ ከጉሙ ጋር ሲሆን ከኋላው ያለ ቤት አይታይም። የጭሱ ሽታና የከብት ድምፅ ብቻ ነው ሰው መኖሩን የሚነግርህ። ይልማ በከተማ ጫማው እየተንሸራተተ፣ «ውብ አገር ነው» ይለኛል፤ እኔም «ነው መምህር» እላለሁ፤ ነገር ግን ያን ዝምታ ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም።

ያረፍነው ወይዘሮ ተካበች የሚባሉ ባልቴት ግቢ ነው። ማታ ማታ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ ያቀርቡልናል፤ ያን የመሰለ ቆጮ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ከቤቱ ጓሮ ሴቶች ለእንሰት ፍቂያ ተሰብስበው አየሁ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አጠገቡ አይደርስም። ያን ዕለት እንኳ በመንገድ ያልፍ የነበረ ሰውዬ ሴቶቹን ገና ከሩቅ ሲያይ ፊቱን አዙሮ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሴቶቹ ከዘንበል ካለ ጣውላ ፊት ቁጭ ብለው፣ የእንሰቱን ግንድ በአንድ እግራቸው ተረከዝ ጣውላው ላይ አጣብቀው ይዘው ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ተካበች መሀላቸው ቆመው በጉራግኛ አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ። ሁሉም በአንዴ አጎንብሰው መፋቅ ጀመሩ።

«ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሥራው የእኔ ነው አልኳቸው። የጠራኋቸው እኔ ነኛ። እኔ ካላስነሳሁ አይነሱም።»

«ቢደክማቸውስ?»

«የደከመውን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ማለቂያውን ሳላይ ይልማ ጠርቶኝ ሄድኩ። ያቺን ቃል ግን ወደድኳት፤ በመንገድ ላይም ለራሴ እየደጋገምኩ ተለማመድኳት።

በበነጋታው ፈተናው ሆነ። ሥራው ቀላል የሚመስል ሥዕል ነው። አራት ማዕዘን ቤት፣ ውስጡ ከጥግ እስከ ጥግ የተጠላለፉ ሁለት መስመሮች። እርሳሱ ከወረቀቱ ሳይነሳ፣ ያለፉበት መስመር ሳይደገም ይሣል ነው የሚባለው። ልጆች ሳለን የምንጫወትበት ሥዕል ላዩ ላይ ጣራ አለው፤ ጣራ ያለው ይቻላል። ይልማ ጣራውን አንስቶታል። ያለ ጣራ ማንም ሊሠራው አይችልም። እሱ የሚፈልገው መልሱን ሳይሆን ልጆቹ መቼ እንደሚተዉት ማየት ነው።

ጠዋት ወንዶቹ ገቡ። ጥቂት ሞከሩ፣ ተሳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ገለበጠ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እየጣሉ ኳሳቸው ጋ ሮጡ። ከምሳ በኋላ ተራው የሴቶቹ ሆነ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ከሁሉም የምታንሰው አመረች የምትባል፣ አታት ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ብዙም ያልቆየች ቀጭን ልጅ ነበረች። የክፍል አስተማሪዋ፣ «ይቺን አደራ፤ ብዙ ከተቀመጠች ይደክማታል፤ ባለፈው እዚሁ ወድቃብናለች» ብሎኛል። እኔም አደራውን ተቀብዬ ከፊት አስቀመጥኳት።

ልጆቹ አፍረው ተኮራምተዋል። ትእዛዙን በአማርኛ አነበብኩላቸው። እንዲስቁልኝ ብዬ፣ እንዲፍታቱልኝ ብዬ፣ ያቺን የወይዘሮ ተካበችን ቃል በተሰበረ ጉራግኛዬ ተናገርኩ። ሥራው የእኔ ነው አልኳቸው።

አልሳቁም። ሁሉም በአንዴ አጎነበሱ።

መጀመሪያ ይልማ ደስታውን አልቻለውም። በመስኮት እያየ፣ «ወንዶቹ ከቆዩበት በለጡ፤ አየሽ?» ይለኛል። ቆይቶ፣ «እጥፍ ሆነ» አለኝ። ከዚያ መናገሩን ተወ። ጉሙ ከእንሰቱ መሀል ወጥቶ ሜዳውን ሸፈነ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ወደየቤታቸው ሄዱ፣ ከክፍሉ የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ሆነ። ያ ድምፅ ደግሞ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። አንዷ እንኳ ወደ ጎን አላየችም። አንዷ እንኳ አላሳለችም።

ወረቀት ለመጨመር ስገባ አንድ ነገር አየሁ። አንዲቱ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ተረከዟን ወለሉ ላይ ተጭናለች። ሁለተኛዋን አየሁ። ሦስተኛዋን አየሁ። ሁሉም ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው፣ የሌለ ጣውላ ላይ የሌለ ግንድ እንደያዙ፣ በተረከዛቸው ይጫናሉ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ ተረከዛቸው አብሮ ይረግጣል። በአፌ ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ።

ወጥቼ ለይልማ ነገርኩት። ሳቅ ብሎ ገባና፣ «በቃ ልጆች፤ በጣም ጎበዞች ናችሁ፤ ተነሱ» አለ። አንድም ልጅ ቀና አላለችም። አጨበጨበ። ጠረጴዛውን መታ። በመጨረሻ ከአንዲቱ ፊት ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ወሰደው። ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠችና በጣቷ የወንበሩ እንጨት ላይ መሣሏን ቀጠለች፤ አራት ማዕዘኑን፣ መስመሩን፣ መስመሩን። ይልማ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ኋላው ሄዶ ከግድግዳው ተጠጋ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እርስዎን አይሰሙም መምህር። በዚህ ሥራ ላይ ወንድ የለበትም።»

እኔም ተነሱ ብያቸው ነበር፤ በአማርኛም በጉራግኛም። የእኔንም አልሰሙም። አመረች ጋ ቀርቤ ትከሻዋን ስነካው ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ልትወድቅብኝ ነው አልኩ። ወድቃ ሳትነሳ ብትቀር ለእናቷ ምን እላለሁ? ደግሞስ ከዚህ ወዲያ የትኛው አባት ሴት ልጁን ወደዚህ ትምህርት ቤት ይልካል?

እናቷን ፍለጋ ወደ ውጭ ሮጥኩ። መሮጥ አላስፈለገኝም። እናቶቹ ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ነበር። ካፊያው እንዳይመታቸው የእንሰት ቅጠል በራሳቸው ላይ ደፍተዋል፤ በቅጠሉና በጉሙ መሀል ፊታቸው አይታይም። መቼ እንደመጡ አላውቅም። አያወሩም። በር ክፍት ነው፤ አንዳቸውም አልገቡም።

«የአመረች እናት የት ናቸው?» አልኩ።

አንዷ ቅጠሏን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«እናቴ፣ ልጅዎ እየተንቀጠቀጠች ነው። ይግቡና ይጥሯት። ካልሆነ ተሸክመን እናውጣት።»

«እኔ አላስቀመጥኳትም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ ነሽ ያስቀመጥሻት።»

«ተነሱ ብያቸው እምቢ አሉ እኮ!»

«እንዲህ አይነሱም።»

«እንዴት ነው የሚነሱት ታዲያ? በእግዜር ይንገሩኝ።»

ሴትየዋ ዞራ ክፍሉን አየች። ልትነግረኝ ያልፈለገች መሰለኝ። ከዚያ፣ «ከትንሿ ተቀበዪ። የእሷን ራስሽ ጨርሺ። ስትጨርሺ ሥራውን ተቀበልኩ በያቸው» አለችና ቅጠሉን መልሳ ደፋችው።

ተመልሼ ስገባ ነው ያለሁበት ጉድ የገባኝ። የአመረችን ሥራ መጨረስ አለብኝ። ሥራው ደግሞ አያልቅም፤ እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከልጅቷ አጠገብ ተንበርክኬ እርሳሱን ከጣቶቿ መሀል አወጣሁ። ጣቶቿ በረዶ ናቸው። በእሷ ወረቀት ላይ ጀመርኩ፣ ተያዝኩ፤ እንደገና ጀመርኩ፣ ተያዝኩ። ዙሪያዬን የእርሳሱ ድምፅ አይፈጥንም አይዘገይም። የማያልቀውን ነገር እኔም ከእነሱ ጋር ይዤ መሽቶ ሊነጋ ነው የሚል ፍርሃት ያዘኝ። እግሬን ስመለከት ተረከዜ ወለሉን ተጭኗል።

ያኔ ነው በሥዕሉ ላይ ጣራ የጨመርኩበት።

«ዓለም፣ ምን እያደረግሽ ነው? ጥናቱን አበላሸሽው» አለ ይልማ ከግድግዳው ስር።

ከታች ካለው ጥግ ጀምሬ፣ መስመሩን ወጥቼ፣ በጣራው ዞሬ፣ ተጠላልፌ ወርጄ፣ እርሳሱን ሳላነሳ ጨረስኩት። ቆምኩና ሴትየዋ ያለችኝን አልኩ፤ ሥራውን ተቀበልኩ። የእርሳሱ ድምፅ በአንዴ ጸጥ አለ። ልጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እንኳ ዓይኑን ያሻል፤ እነሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ሳይገፋፉ በተራ ወጡ። እኔም እፎይ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው፤ እያንዳንዷን እናቷ ተቀበለቻት። አመረች ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር ለመግለጽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ምስጋና ነው ብዬ ተውኩት።

ይልማ የዚያን ቀን ውጤት ከጥናቱ አወጣው። በበነጋታው ሳንነጋገር እምድብር ድረስ ወረድን፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ «ለማንም ባትናገሪው ጥሩ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ተናገርኩት። ምደባዬ ደርሶ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል የእኔ ታሪክ ይሄ ነው። ሴት ልጆቻችን ሌላ ሰው ካላስነሳቸው መነሳት አይችሉም፤ ይሄን ነው መለወጥ ያለብን እያልኩ እደመድመዋለሁ። ሰውም ራሱን ይነቀንቃል።

ትናንት ሀያትን ከሸኘሁ በኋላ ግን ታሪኩ አልዋጥልሽ አለኝ። ነጠላዬን አደረግኩና ወደ ገበያ ወጣሁ። አመረች ከቸሃ፣ ከዚያው ከእምድብር አገር፣ እየመጣ የሚራገፍ ቆጮ የምትሸጥበት ሱቅ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ አላት። ከዓመታት በፊት እሷው አውቃኝ፣ «እትዬ ዓለም አይደለሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛዋ ነኝ። የዚያን ቀን ነገር ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። እኔ እንዳላሳፍራት ብዬ ነው። እሷ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቆጮውን በቅጠል እየጠቀለለች ሳለ፣ ያን ቀን አልሰማችሁንም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እጇ ቆመ።

«ሰውየውንማ ሰምተነው ነበር» አለችኝ።

«ተነሱ ሲላችሁ?»

«አዎ። አንቺንም ሰምተንሻል።»

«ታዲያ ለምን አልተነሳችሁም?»

ሳቅ አለች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። «ብንነሳ ምን ይጠብቀናል እትዬ? ውሃ። እንጨት። የከብት አዛባ። እኔ ተቀምጬ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ሌላ ሰው የሚበላው ነው። ያ ሥዕል ግን የማይበላ፣ የማይሸጥ። ለራሴ ብቻ። አያልቅም ደግሞ። አለማለቁን እኮ ነው የወደድኩት።»

«እናትሽስ? ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው ነበር።»

«ውሃውን እሷ ቀድታልኝ ነው የመጣችው። ሁሉም እንዲሁ። ልጄ ትቀመጥ ብለው ነው የቆሙት። እንዴት እንደምታስነሺን ልትነግርሽ አልፈለገችም ነበር፤ አስጨነቅሻት።»

«ትንቀጠቀጪ ነበር እኮ አመረች። ልትወድቂ ነው ብዬ ነው።»

«አንቺ ስትቀርቢኝ ነው የጀመረኝ» አለችኝ፤ ቅጠሉን ጠቅልላ ጨርሳ። «እንዳታስነሺኝ ፈርቼ።»

እግራችሁስ ብዬ ጠየቅኳት፤ ያ ተረከዝ። ግንባሯን ቋጥራ፣ «የምን እግር?» አለችኝ። ነገሩን አስረዳኋት፤ ምንም አታስታውስም። ከእነዚያ ልጆች ትምህርቱን የቀጠለ አለ ወይ ስላትም የለም አለችኝ፤ እሷን በዓመቱ ድረዋታል፣ ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አልቆዩም።

ቆጮዬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሰኞ ሀያት ለቁጥሯ ትመጣለች፤ ምን እንደምላት አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ያን ክፍል በህልሜ ሳይቀር ስፈራው ኖሬ፣ አሁን ሳስበው ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም። ልጆች ተቀምጠው ሥዕል ይሥሉ ነበር። የሚያስፈራኝ በሩ ላይ ቆሜ፣ ደስ ብሎኝ፣ አንድ በአንድ ወደ ጉሙ መሸኘቴ ነው።